ሕመሙ የለቀቀው ክንድ ሁሉ አልዳነም



በእኛ በዱከም ጅማት ምን እንደሆነ ለማስረዳት የሕክምና መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚሄድ መንገደኛ ቁርጥ ለመብላት የሚወርድባት ከተማ ናትና ሥጋ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ሥጋ ቆራጩ ቀዩን ሥጋ ሲያወጣ ከሥጋው ጫፍ ወደ አጥንቱ የሚሄደውን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቢላ እንኳ የሚያስቸግረውን ገመድ ለይቶ ይጥለዋል። ጅማት ማለት እሱ ነው። በሰው ገላ ውስጥም ሥራው ያው ነው፤ ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያስራል። ጡንቻው ሲኮማተር ጅማቱ ይጎተታል፤ ጅማቱ ሲጎተት አጥንቱ ይንቀሳቀሳል። ጉርሻ አፍ የሚደርሰው፣ ቁልፍ የሚዞረው፣ ሕፃን ከመሬት የሚነሳው በዚህ ገመድ ነው።

ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ይህ ገመድ ክንድና እጅ ላይ ተበጥሶ ሳይታከም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲቆይ ምን እንደሚሆንና ምን ሊደረግ እንደሚችል ነው። ለእናቶች፣ ለአባቶችና ለአያቶች የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲጎዳ «ወዴት ይሂድ?» የሚለውን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ሳይሆን የቤቱ ትልቅ ሰው ነው። «ወጌሻ ጋ ውሰዱት»፣ «በሙቅ ውሃና በጨው ያዙለት»፣ «ትንሽ ይረፍ፣ ይለቀዋል» የምንለው እኛ ነን። በጅማት ጉዳት ላይ ይህ የመጀመሪያ ቃል ትልቅ ክብደት አለው።

ከክርን በላይ ያለው ጡንቻ

ልጆች ክንዳቸውን አጥፈው «ጡንቻዬን እዩልኝ» የሚሉት ጡንቻ ባይሴፕስ ይባላል። በላይ በኩል በ2 ጅማቶች ትከሻ ላይ ይታሰራል። በታች በኩል ደግሞ በአንድ ጠንካራ ጅማት ከክርን በታች ካለው አጥንት ጋር ይያያዛል። ዛሬ በዋናነት የማወራው ስለዚህ ስለ ታችኛው ጅማት ነው።

ይህ ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በጉልበት ሥራ ላይ ባሉ ወንዶች ነው፤ በተለይ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ። ክርን ታጥፎ ከባድ ነገር እንደተያዘ ሸክሙ በድንገት ወደ ታች ሲጎትት ነው አደጋው የሚደርሰው። ኩንታል ከመኪና ላይ ሲቀበሉ፣ ፍሪጅ በደረጃ ሲያወርዱ፣ የሚወድቅ ብረት ለመያዝ እጅ ሲዘረጋ እንዲህ ያለው ነገር ያጋጥማል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ጅማቱ ቶሎ የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ተጎጂው ብዙ ጊዜ «ጧ» ያለ ድምፅ እንደሰማ ወይም አንድ ነገር ክርኑ ላይ እንደተቆረጠ ሆኖ እንደተሰማው ይናገራል። ከዚያ የሚያቃጥል ሕመም ይከተላል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከክርኑ አካባቢ ወደ ታች የሚወርድ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የመሰለ የደም መቋጠር ይታያል። ጡንቻው ወደ ላይ ተሰብስቦ እንደ ኳስ ያብጣል፤ ከሌላኛው ክንድ ጋር ሲያስተያዩት ቅርጹ ይለያል።

ሁለቱ አታላዮች

ሰውን የሚያዘናጋው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ይጎድላል፤ የቆዳው ቀለም ይመለሳል፤ ሕመሙም ይለቃል። ፈጽሞ የተበጠሰ ጅማት የሚጎትተው ነገር ስለሌለ አያምም። በከፊል የተበጠሰው አንዳንድ ጊዜ ከእሱ የበለጠ ያሠቃያል። ክንዱም ይታጠፋል። ከባይሴፕስ ሥር ክርንን የሚያጥፍ ሌላ ጡንቻ ስላለ እሱ ሥራውን ይሸፍናል። ስለዚህ ቤተሰቡ «ይኸው ይታጠፋል፣ ድኗል» ይላል። የሕመሙ መልቀቅ የመጀመሪያው አታላይ ነው።

ሁለተኛው አታላይ ራጅ ነው። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ ጅማትን አያሳይም። ጅማቱ ለሁለት የተበጠሰ ሰው ራጅ ተነስቶ «ነጻ ነው፣ ምንም የለም» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ራጁ አልዋሸም፤ አጥንቱ እውነትም አልተሰበረም። ጅማትን ለማየት የሚያገለግለው አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ነው። ከሁሉም በፊት ግን የሚያስፈልገው በእጁ ዳስሶ የሚመረምር ባለሙያ ነው።

እናንተም ቤት ሆናችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት አንድ ቀላል ነገር አለ። በመጀመሪያ በጤነኛው ክንድ ላይ ተለማመዱት። ሰውየው ክርኑን ወደ 90 ዲግሪ አጥፎ መዳፉን ወደ ራሱ ፊት ያዙር። እናንተ ሌባ ጣታችሁን ከክርኑ እጥፋት ላይ፣ በውጪ በኩል አስገብታችሁ እንደ መንጠቆ ሳብ አድርጉ። ጤነኛው ክንድ ላይ እንደተወጠረ ገመድ ያለ ጠንካራ ነገር ጣታችሁን ይይዘዋል። በተጎዳው ክንድ ላይ ጣታችሁ የሚይዘው ገመድ ካጣ ወደ ሐኪም ለመሄድ ነገን አትጠብቁ። ገመዱ ተገኘ ማለት ግን ጉዳት የለም ማለት አይደለም፤ በከፊል የተበጠሰ ሊሆን ይችላልና ጥርጣሬ ካለ መመርመሩ አይቀርም።

ሳይታከም ሲቀር ምን ይጎድላል?

ባይሴፕስ ክንድ ከማጠፍ ይልቅ ዋና ሥራው መዳፍን ወደ ላይ መገልበጥ ነው። ቀኝ እጅ ቁልፍ የሚያዞረው፣ ቡሎን የሚያጠብቀው፣ የታጠበ ልብስ የሚጨምቀው በዚህ ጉልበት ነው። የታችኛው ጅማት ተበጥሶ ሳይታከም ሲቀር የማዞር ጉልበቱ 40 በመቶ ገደማ፣ የማጠፍ ጉልበቱ ደግሞ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ክንዱም ቶሎ ይዝላል። ቢሮ ለሚውል ሰው ይህ የሚቻል ጉድለት ሊሆን ይችላል። በክንዱ ለሚያድር ሰው ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በከተማችን የማውቀው አንድ የ4 ልጆች አባት አለ። ሥራው የከባድ መኪና ጥገና ነው። አንድ ቀን ካምቢዮ ሲያወርዱ ከባልደረባው እጅ ሲያመልጥ እሱ ብቻውን ያዘው። ድምፁን ሰማ። እናቱ በቅቤ አሸችው፤ ቀጥሎም ወጌሻ ጋ ወሰደችው። ራጅ ተነሳ፤ «ነጻ ነው» ተባለ። በ3 ሳምንቱ ሕመሙ ለቀቀውና ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

እኔ ዘንድ የመጣው ከ5 ወር በኋላ ነው። «ሲስተር፣ አያመኝም። ግን ቡሎን ማጥበቅ አቃተኝ። ልጆቹ የሚያጠብቁትን እኔ ስነካው እጄ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። እጅጌውን ሲሰበስብ ጡንቻው ወደ ላይ ተሰብስቦ አየሁት። ጣቴን አስገብቼ ብፈልግ ገመዱ የለም። በዚያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ የሚሰጠው ሥራ መሣሪያ ማቀበልና ማጠብ ብቻ ሆኖ ነበር፤ ደሞዙም በዚያው ልክ ወርዷል። ትልቋ ልጁ ትምህርቷን አቋርጣ ፋብሪካ ልትቀጠር ነው ሲሉም ሰማሁ። ሰውየው ያሳፈረው ነገር ሕመም ሳይኖረው ሥራ አለመቻሉ ነበር። «ሰነፍ መሰልኩ» ያለኝን አልረሳውም።

ጊዜው ለምን ይሮጣል?

የልጆች ሱሪ ላስቲክ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን አያቶች ታውቃላችሁ። ጫፉ ወዲያውኑ ወደ መቀነቱ ውስጥ ሽልክ ብሎ ይገባል። በዚያው ሰዓት ከያዝነው ጎትተን እንሰፋዋለን። ከቆየ ግን መርፌ ቁልፍ ይዘን መፈለግ ነው።

ጅማትም እንደዚሁ ነው። ሲበጠስ ጡንቻው ጫፉን ይዞት ወደ ላይ ይሸሻል። በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ሳምንታት ሐኪሙ ጫፉን ፈልጎ አውጥቶ ወደ አጥንቱ መልሶ መስፋት አይከብደውም። ከዚያ በኋላ ግን ጅማቱ ተጠቅልሎ ከአካባቢው ሥጋ ጋር በጠባሳ ይጣበቃል። ድሮ ይሄድበት የነበረው መንገድ ይደፈናል። ጡንቻው ራሱ ያጥራል፣ ይሳሳል፣ መለጠጥ ያቅተዋል። ስለዚህ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ካለፈ ሐኪሞች «የቆየ» ወይም «ያደረ» ጉዳት ይሉታል። ቀዶ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳል፣ ውጤቱም እንደ ትኩሱ አይሆንም።

ሆኖም «ጊዜው አልፏልና አይቻልም» ብሎ ተስፋ መቁረጥም ስሕተት ነው። ለቆየው ጉዳትም መንገድ አለ።

ለቆየ ጉዳት ያሉት መንገዶች

የመጀመሪያው ቀጥታ መመለስ ነው። ሐኪሙ ክርኑ ላይ ከፍቶ፣ ጫፉን ከጠባሳው አላቅቆ፣ ጡንቻውን ቀስ በቀስ ካለቃቀቀው በኋላ ክርኑን አጥፎ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይደርስ እንደሆነ ያያል። ከደረሰ አጥንቱን በስቶ በጠንካራ ክር ያስረዋል። ክርኑ መጀመሪያ ታጥፎ ይቆያል፤ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይዘረጋል።

ሁለተኛው መቀጠያ መጠቀም ነው። ጅማቱ አልደርስ ካለ ከራሱ ከታካሚው ገላ ሌላ ጅማት ይወሰዳል። ብዙ ጊዜ ከጭን በኋላ በኩል ካሉት ጅማቶች አንዱ ይመረጣል፤ ሌሎቹ ሥራውን ስለሚሸፍኑለት ሰውየው መራመድ አይከለከልም። ከእጅ አንጓ ላይ የሚወሰድ ቀጭን ጅማትም አለ። አውራ ጣትና ትንሿን ጣት አገናኝታችሁ አንጓችሁን ትንሽ ብታጥፉ መሀል ላይ ብቅ የሚለው ገመድ እሱ ነው። ካልታያችሁ አትደንግጡ፤ አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም የለውም፤ እጁም አይጎድልበትም።

ሦስተኛው መንገድ የሌላ ጡንቻን ጅማት ማዞር ነው። ሥራው እምብዛም የማይጎድል ጡንቻ ጅማቱ ተነስቶ ለተጎዳው ሥራ ይተከላል። ይህ ጥበብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ፖል ብራንድ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በህንድ አገር በቬሎር በሥጋ ደዌ ምክንያት ጣቶቻቸው የታጠፉባቸውን ሰዎች እጅ በዚህ ዘዴ ያቃና ነበር። በእነዚህ ሕሙማን ላይ የተጎዳው ነርቩ ነው፤ ጅማቱ አልተበጠሰም። መፍትሔው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ከሚሠራው ተበድሮ ለማይሠራው መስጠት። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አለርትም የሥጋ ደዌ ሕሙማንን እጅና እግር በማቃናት ሕክምናና በፊዚዮቴራፒ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል ኖሯል።

ለሁሉም ሰው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ማለት ግን አይደለም። በዕድሜ የገፋ፣ ከባድ ሥራ የማይሠራ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በአካል ብቃት እንቅስቃሴ ብቻ ረክቶ ሊኖር ይችላል። በትከሻ በኩል ያለው ረዥሙ ጅማት በዕድሜ ብዛት ሲበጠስም ክንዱ ላይ እብጠት ቢታይም ጉልበቱ እምብዛም ስለማይቀንስ ብዙዎቹ አረጋውያን ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋቸውም። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን ምርመራ ነው፤ ግምት አይደለም።

የጋራዡን ሠራተኛ የቀዶ ሐኪሞቹ ከጭኑ ጅማት ወስደው ቀጠሉለት። ከ9 ወር በኋላ ቡሎን አጠበቀ። ክርኑ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ካምቢዮም ብቻውን አይሸከምም። የታችኛው ክንዱ ውጪያዊ ቆዳም ለተወሰነ ጊዜ ደንዝዞበት ነበር። በዚያ በኩል የሚያልፈው የስሜት ነርቭ በቀዶው ጊዜ ስለሚነካ ይህ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥም ችግር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይመለሳል። ልጅቱ ትምህርቷን ቀጥላለች።

የልጆች ጣትና የአያቶች አውራ ጣት

የቆየ የጅማት ጉዳት በባይሴፕስ ብቻ አያበቃም። በቤታችን ብዙ ጊዜ የሚያልፈን በጣት ላይ ያለው ነው።

ልጅ በተሰበረ ብርጭቆ ወይም በቢላ መዳፉን ወይም ጣቱን ይቆረጣል። ደሙ ይቆማል፤ ቆዳው ይሰፋል፤ ቁስሉም ይድናል። ከወር በኋላ ጣቱ እንደማይታጠፍ ይታያል። ጅማቱ ውስጥ ተቆርጦ ኖሯል። ትንሽ ልጅ «ጣቴን አጠፍ ማድረግ አልቻልኩም» ብሎ አይናገርም። ስለዚህ እጁን ዘና አድርጎ ሲያስቀምጥ ወይም ተኝቶ ሳለ ተመልከቱት። ጤነኛ ጣቶች ሁሉ በመጠኑ ታጥፈው ይተኛሉ። አንዷ ብቻ ቀጥ ብላ ከቀረች ቁስሉ የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ሐኪም ይያት። እዚህ ላይ ቀኖች ይቆጠራሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የተሰፋ የጣት ጅማት የተሻለ ውጤት አለው።

የጣት ጅማት ጠባብ ቱቦ በመሰለ ሽፋን ውስጥ ነው የሚሄደው። ከቆየ ቱቦው ይደፈናል። ያን ጊዜ ሥራው በ2 ደረጃ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ከሲሊኮን የተሠራ ለስላሳ ዘንግ በጅማቱ ቦታ ይገባል። ለ3 ወር ያህል ሲቆይ በዙሪያው አዲስ ሽፋን ይሠራል። ከዚያ በሁለተኛው ቀዶ ዘንጉ ወጥቶ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ጅማት ይገባበታል። በአንድ ቀን ስፌት ያልቅ የነበረው ነገር የዓመት ጉዞ ሆነ ማለት ነው።

አያቶችን በተመለከተ ደግሞ ወድቀው የእጅ አንጓቸው የተሰነጠቀባቸው ሰዎች አሉ። ስንጥቁ ትንሽ ሆኖ በጀሶ ይድናል። ከሳምንታት በኋላ ግን አውራ ጣታቸው በድንገት ወደ ታች ይወድቃል። ጅማቱ በተጎዳው አጥንት ላይ ሲመላለስ ቆይቶ ይበጠሳልና። መዳፍን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አውራ ጣትን ብቻ ወደ ላይ ማንሳት ካልተቻለ ይህንን ጠርጥሩ። መፍትሔው የሚያምር ነው። ሌባ ጣት የሚዘረጉት ጅማቶች 2 ናቸው። ሐኪሙ አንዱን ወስዶ ለአውራ ጣት ይሰጣል፤ ሌባ ጣትም በቀረው ትሠራለች።

ስለ አንድ መድኃኒት ሳልናገር አላልፍም። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ማለትም ብዙዎቻችን «ሲፕሮ» እያልን ከፋርማሲ የምንገዛው ፀረ ተሕዋስያን፣ ጅማት ሊያሳምምና ሊበጥስ ይችላል። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 እ.ኤ.አ. በመድኃኒቱ ላይ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። አደጋው ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎች ላይ ከፍ ይላል። ሐኪም ካዘዘው ውሰዱት፤ ጅማት ካመማችሁ ግን ወዲያውኑ ተመልሳችሁ ንገሩት። ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥ ግን ይቅር።

ወጌሻንስ?

ወጌሻን ለመንቀፍ አልመጣሁም። አካባቢያችን ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የወለቀውን መልሰው፣ የታመመውን አጽናንተው ያኖሩን እነሱ ናቸው። ዛሬም ለወለምታ ብዙ ሰው እነሱ ጋ ይሄዳል። ይሁንና የተበጠሰ ጅማት በማሸት አይገናኝም። 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ የሸሸ ገመድ የሚያገኘው ጣት የለም። ይልቁንም በማሸት የሚያልፉት 3 ሳምንታት የቀላሉ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ናቸው። አጥብቆ ማሰርም የደም ዝውውርን ዘግቶ እጅን እስከማጣት ሊያደርስ ይችላል። ድምፅ ከተሰማ፣ ቅርጹ ከተለወጠ፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም አንድ ጣት አልታዘዝ ካለ መጀመሪያ ጤና ተቋም ይታይ። ወጌሻውም ይህን አይቶ «ይሄ የእኔ አይደለም» ቢል ክብሩ ነው።

ከዱከም ወዴት?

መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ስትሄዱ 3 ነገር አስረግጣችሁ ተናገሩ፦ የተጎዳበትን ቀን፣ ምን ሲያደርግ እንደተጎዳ፣ ድምፅ ሰምቶ እንደሆነ። «እጁን አሞታል» ብቻ ካላችሁ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። «ጅማቱ ተበጥሶ ይሆን ብለን ነው» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

የአጥንት ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፋል። ቅርባችን ቢሾፍቱ ነው። ከባድ የሆነው ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ወዳለው አቤት ሆስፒታል ሊመራ ይችላል። የቆየ የጅማት ጉዳት የሚሠራ ሐኪም በየቦታው ስለማይገኝ ቀጠሮው ሊረዝም ይችላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን ይዛችሁ ደረጃውን ጠብቃችሁ ሂዱ፤ ደረጃውን ዘልላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

በፋብሪካ፣ በጋራዥና በግንባታ ለሚሠሩ ልጆቻችን ደግሞ ሕጉን እወቁላቸው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው የመጀመሪያ እርዳታ እንዲሰጥ፣ ተጎጂውን ወደ ሕክምና እንዲያደርስ፣ የሕክምናውን ወጪም ቀዶ ሕክምናን ጨምሮ እንዲሸፍን ያዝዛል። ሕክምና ላይ እስካለ ድረስ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደሞዙ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፈለዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጉዳቱ በዕለቱ ሲመዘገብ ነው። ከ5 ወር በኋላ «ያኔ ተጎድቼ ነበር» ቢል ማስረዳቱ ይከብዳል። «ይለቀኛል» ብሎ ዝም ያለ ሠራተኛ ጅማቱንም መብቱንም ያጣል።

ቀዶ ሐኪሙ ከጨረሰ በኋላ የእኛ ሥራ ይጀምራል

ቀዶ ሕክምናው ምናልባት 2 ወይም 3 ሰዓት ይፈጃል። የቀረው ግማሽ ዓመት የቤተሰቡ ነው። ክንዱ መጀመሪያ ይታሰራል። ከዚያ ፊዚዮቴራፒስቱ በሚሰጠው መጠን ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ይጀምራል። እስከ 6 ሳምንት ድረስ በዚያ እጅ ከሻይ ብርጭቆ የከበደ ነገር ባይነሳ ይመረጣል። ጉልበት ማጠናከሪያው ከ3 ወር ገደማ በኋላ ነው። ከባድ ሥራ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ወር ይጠብቃል፤ መቀጠያ የገባለት ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ሐኪሙ የሚሰጠው ቀን ከእኔ ይበልጣል፤ እሱን ተከተሉ።

በዚህ ጊዜ የሚያጋጥሙ 2 ስሕተቶች አሉ። አንዱ መፍራት ነው፤ እናት «አይንቀሳቀስ፣ ይፈታበታል» ብላ እጁን ታቅፋ ታስቀምጠዋለች፤ ክርኑ ይደርቃል። ሌላው መቸኮል ነው፤ ሕመሙ ሲለቅ ውሃ ይቀዳል፣ ልጅ ያነሳል፤ የተሰፋው ይለቃል። አሁንም ያታለለን ያው የሕመም መልቀቅ ነው።

ትዕግሥቱ ለጀግኖቻችንም አልቀረላቸውም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ካመጣ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና አድርጎ ወራት ሙሉ ከውድድር ርቆ ቆየ። በዚያው ዓመት ነሐሴ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ተመልሶ ነሐስ ወሰደ። የዓለም ፈጣን ሯጭ ጅማቱ እስኪጠና ከጠበቀ የእኛ ልጅም መጠበቅ አያሳፍረውም።

በቤት ውስጥ ልትረዱ የምትችሉት ብዙ ነው። የእንቅስቃሴውን ሰዓት አስታውሱት፤ የልጅ ልጆች ቁጥር እየቆጠሩ ያሠሩት። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ለዚያ ጊዜ እንኳ እንዲተው ለምኑት። ስኳር ያለበት መጠኑን ይቆጣጠር። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ወተት ቢያገኝ ለቁስሉ መዳን ይጠቅመዋል። ትኩሳት ከመጣ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ ጣቶቹን ቀና ማድረግ ካቃተው ወይም የገባው ጅማት እንደገና «ጧ» ካለ ቀጠሮውን ሳትጠብቁ መልሱት። ከሁሉም በላይ ግን «ሥራ ፈታ» የሚለውን ቃል ከቤት አውጡት። በክንዱ ያደረ ሰው ክንዱ ሲታሰር ልቡም አብሮ ይታሰራል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከልጆቻችሁ አንዱ ክንዱን ይዞ ቢገባ «ያምሃል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። «ምን መሥራት አቃተህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ድሮ የተጎዳ፣ ዛሬ ቁልፍ ማዞር ወይም ማሰሮ መክፈት ያስቸገረው ካለም «አልፏል» አትበሉት፤ ይታይ።

ሰላም ሰንብቱ፤ ክንዳችሁ ይበርታ።